በእትዬ ዘሀራ ገብስ ላይ የተጎተተው ገመድ

ወፍ የሚያይ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ወፍማ ሁሉም ሰው ያያል። እኔ የምላችሁ ወፍ ባየ ቁጥር ቴሌግራም ላይ የሚጽፈውን፣ ሌላው «አላየህም» ሲለው ደግሞ እራት የማይበላውን ዓይነት ሰው ነው። ካላጋጠማችሁ ተመስገን በሉ። እኔ በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ ነበርኩ። እንዲያውም ከሁሉም የባስኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ነገሩ የሆነው ከሦስት በልግ በፊት ነው። ያኔም እንደ ዛሬው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሠርግ ሲገኝ ሠርግ እሠራለሁ። ለሠርግ ብዬ የገዛሁት ረጅም ሌንስ ግን ሙሽራ ካየባቸው ቀናት ቁራ ያየባቸው ይበዛሉ። ባለቤቴ «ይሄ ሌንስ የማንን ሠርግ ነው ከዛፍ ላይ የሚያነሳው?» ትለኝ ነበር። እሷ ስለ ወፍ ምን ታውቃለች ብዬ በሆዴ እስቅባታለሁ።

የደሴና የኮምቦልቻ ወፍ ተመልካቾች የሚባል ግሩፕ ነበረን፤ ሃያ ምናምን ሰው ያለበት። መሪያችን ኢንጂነር የምንለው የኮምቦልቻ ሰው ነው። መሐንዲስ አይደለም፤ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅ ወሬ ስለሚቀይር ራሱ እንዳወጣው ገብቶናል። ሁለት አቅራቢ መነጽር ነበረው፤ በአንዱ ያያል፣ አንዱን ያንጠለጥላል።

በልግ ሲመጣ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ክረምታቸውን ሽሽት ወደ ደቡብ ወርደው የከረሙ ወፎች በኛ ላይ አልፈው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ግሩፑ ያብዳል። አንዱ ቦርከና ዳር ሽመላ አየሁ ይላል፤ ሌላው ደጋን ላይ የስልክ እንጨት ላይ የተቀመጠ ንስር አየሁ ይላል፤ ኢንጂነር «ማስረጃ?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ፎቶ የሌለው ዋሽቷል። ዝርዝሩን ማን እንደሚያነበው ልንገራችሁ? እኛው ነን። ገበሬው ዝናብ ይመጣል አይመጣም ብሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ እኛም ሰማይ ሰማይ እናያለን፤ ልዩነቱ እሱ የሚበላውን እየጠበቀ ነው።

በዚያ ሚያዝያ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ፎቶ ቤቴ ገቡ። ጫማቸው ላይ የማሳ ጭቃ አለ፤ እደጃፉ ላይ በደንብ ጠረጉት።

«እንደምን አረፈድክ ልጄ። ጉርድ ፎቶ ታነሳለህ?»

«አነሳለሁ እናቴ፣ ይቀመጡ።»

«ለመሬት ደብተር ነው» አሉ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። «በባለቤቴ ስም ነበር፤ እሱ አኼራ ሄደ። በኔ ስም ይዙር ተብሎ ፎቶ አምጪ አሉኝ። ደብተሩ እጄ እስኪገባ እንቅልፍም የለኝ፤ መሬት የሚለካ ሰው ባለፈ ቁጥር የኔን ሊወስድ የመጣ ይመስለኛል።»

ዘሀራ ይባላሉ፤ ሁሉም እትዬ ዘሀራ ነው የሚላቸው። ደሴ ዙሪያ፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቁ ያርሳሉ። ሰኞ ሰኞ ጎመንና ድንች ይዘው ገበያ ይወርዳሉ። ፎቷቸው እስኪታተም ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ወፎች አንድ በአንድ ያዩ ጀመር።

«እኒህን ሁሉ አንተ ነህ ያነሳሃቸው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

እንግዲህ ለዚህ ጥያቄ እኛ ግሩፕ ውስጥ ረጅም ረጅም መልስ አለ፤ ሳይንስ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ቱሪዝም አለ። «ደስ ስለሚለኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ግድግዳውን እስከ ጫፍ ጨረሱት።

«የኔዋ የለችም» አሉ።

«የትኛዋ?»

«ገብሴ ውስጥ ያለችው። በልግ ሲያምር ነው የምትመጣው። ባለቤቴ የገብስ እንግዳ ነበር የሚላት። ድርጭት ትመስላለች፤ ግን ከድርጭት ትተልቃለች፣ አንገቷም ረዘም ይላል። ክንፏ እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ነው። ከመብረር መሮጥ ትወዳለች። ስትበር እግሯን መሰብሰብ እንኳ አትችልበትም፤ አንጠልጥላው ትሄዳለች።»

እጄ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ። ይህ የተናገሩት ነገር መጽሐፌ ውስጥ ቃል በቃል አለ። ፈረንጆቹ ኮርንክሬክ ይሏታል። ከአፍሪካ ደቡብ ተነስታ እስከ አውሮፓ የምትሄድ፣ ረጅም ሳርና ሰብል ውስጥ የምትደበቅ፣ ብታልፍም የማትታይ ወፍ ናት። ከግሩፑ አንድም ሰው አይቷት አያውቅም። ኢንጂነርም አላያትም። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ይሄ መሆኑን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«ያሳዩኛል እትዬ?» አልኳቸው። ጉጉቴን አይተው መሰለኝ ሳቁ።

«ወፍ ነች እኮ ልጄ። ና፣ ነገ ጠዋት።»

አርብ በጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከመንገዱ ደግሞ በእግር ግማሽ ሰዓት ወጣሁ። እትዬ ዘሀራ ማሳው ዳር ጠበቁኝ። ገብሱ እስከ ወገብ ደርሷል። ዛላው ገና መውጣቱ ነው፤ ፍሬ አልያዘም። እንዲህ ያለ በልግ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ከመግባታችን በፊት ግን ቆም አደረጉኝ።

«ስማኝ» አሉ። «ሁለት በልግ ዝናቡ ከድቶናል። የዘንድሮው ይኸው አልሐምዱሊላህ። እስከ መኸር የምንበላው ይችን ነው፤ እኔም፣ ልጄ ትታልኝ የሄደቻቸው ሁለት ልጆችም። ወፊቱ እዚህ መኖሯን ሰው ከሰማ ገብሴን ይረግጠዋል። ደግሞም መንገደኛ ናት፤ እኔ ዘንድ ያረፈችን እንግዳ አሳልፌ አልሰጥም። ለማንም እንዳትናገር። አማና ነው።»

«አማና» አልኩ።

እኔ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ቢሆንም ደሴ ተወልዶ አማና ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። አማና የተባለ ዕቃ ባለቤቱ ዐረብ አገር ሄዶ ዓመታት ቆይቶ ሲመጣ አቧራው እንኳ ሳይነካ ይጠብቀዋል። አማና የተባለን ወሬ የሰማ ሰው ሚስቱ እንኳ ብትለምነው አይናገርም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አፌ «አማና» ሲል ግን ልቤ ሌንሱን እየገጠመ ነበር።

በማሳው ወሰን ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እሳቸው እጃቸው የደረሰበትን አረም እየነቀሉ፣ እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ። በመጨረሻ እትዬ ዘሀራ ምንም ሳይሉ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከገብሱ ሥር አንገቷን ብቅ አደረገች። ግራጫ ጉንጭ፣ ቡናማ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመልሳ ገባች። ካሜራዬ የያዘው ግማሽ ጀርባዋንና አንድ እግሯን ብቻ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እትዬ ዘሀራም የኔን ደስታ አይተው ደስ አላቸው። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ ዛሬ ይሄን ባልጻፍኩ ነበር።

ማምሻውን ስልኬን አነሳሁ። «ቦታውን እስካልተናገርኩ ድረስ አማናውን አልነካሁም» አልኩ ለራሴ። ሰው ቃሉን ሲበላ እንዲህ ነው፤ ከዳር ከዳር ቆረስ እያደረገ ይጀምራል። ፎቶውን ለጥፌ «ዛሬ፣ ደሴ ዙሪያ፣ ኮርንክሬክ» ብዬ ጻፍኩና ጭብጨባ ጠበቅኩ።

ኢንጂነር ወዲያው መለሰ። «ድርጭት።»

አንድ ቃል ብቻ። ከሱ በታች ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንዱ «ድርጭትም አይደለች፣ የጎረቤት ዶሮ ናት» አለ። ሌላው «ፎቶ አንሺ ሆነህ እንዲህ ካነሳህ ሙሽሮቹን አላህ ይድረስላቸው» አለ። ሰኞ ገበያ ቆሞ ቲማቲም የሚሸጥ ሰው ቢሰድበኝ ይሄን ያህል አላመመኝም። ያን ዕለት እራት አልበላሁም፤ ባለቤቴም ሠርግ የተሰረዘብኝ መስሏት አዘነችልኝ።

ቅዳሜ ኢንጂነር ደወለ። ድምፁ የአስታራቂ ሽማግሌ ነው።

«አትቀየም ወንድሜ። ማስረጃው ደካማ ሆኖ ነው። ቦታውን አሳየንና ሁላችንም እንይ፤ ያን ጊዜ ያንተ ስም መጀመሪያ ይገባል።»

«አልችልም። ባለ ማሳዋ ሰው እንዳይመጣ ብለዋል።»

«እንግዲያው አላየሃትም ማለት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አናስገባትም።»

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፤ ዝም ማለት ይችልበታል። እኔ አልቻልኩበትም።

«ሰኞ ጠዋት» አልኩ። «ሰኞ ገበያ ይወርዳሉ።»

አያችሁ? ቦታውን ብቻ አይደለም የሸጥኩት። እሳቸው የማይኖሩበትን ሰዓት መርጬ ነው የሸጥኩት። ሌባ እንኳ ከዚህ የተሻለ አያቅድም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰው ሆነን ማሳው ዳር ቆምን። ያደረ ዝናብ ስለነበር ገብሱ ውሃ አዝሎ አንገቱን ደፍቷል። ከኮምቦልቻ አምስት፣ ከደሴ አራት። ሁሉም ባለ ኮፍያ፣ ሁሉም ባለ ኪስ ሰደርያ። ከመካከላችን ማስተዋል የነበራት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ብቻ ናት።

«የባለ ማሳዋ ፈቃድ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ፈቅደዋል» አልኳት። ዓይኔን አላሸሸሁም፤ ቀጥ ብዬ እያየኋት ነው የዋሸሁት።

ኢንጂነር ከቦርሳው ረጅም ገመድ አወጣ። በየክንዱ ርቀት ጠጠር የገባባቸው የውሃ ላስቲኮች ታስረውበታል። ቦርከና ረግረግ ላይ ሳር ውስጥ የተደበቀ ወፍ የምናስነሳበት ዘዴ ነው፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በሳሩ ላይ ሲጎትተው ላስቲኮቹ ይንኳኳሉ፣ ወፉ ይነሳል፣ ከኋላ የሚከተለው ሰው ያነሳዋል። ብልህ ነን።

«ገብስ እኮ ነው» አለች መምህርቷ።

«ገመዱ ይዳስሳል እንጂ አይረግጥም» አለ ኢንጂነር። «ደግሞ ያው ሳር ነው፤ ተመልሶ ይነሳል።»

ይሄን ያለው በሶ እየበጠበጠ ያደገ ሰው ነው። ሁላችንም በሶ እየበጠበጥን ያደግን ነን። ጭልፊትን ከጭላት በአንዲት የክንፍ ላባ የምንለይ ሊቃውንት ገብስን ከሳር መለየት አቃተን። ዛላ ያወጣ ገብስ ረጥቦ ከተሰበረ እንደማይነሳ የአካባቢው ጨቅላ ሕፃን ያውቃል። እኔስ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የገመዱን አንዱን ጫፍ የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ጎተትን። ከላይኛው ጫፍ ጀምረን እስከ መሐል ደረስን። ሰባቱ ከገመዱ ኋላ በመስመር ይከተላሉ፤ ጫማቸው ረጥቦ ይንቋቋል። ገብሱ በገመዱ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። «ላስቲኮቹ ናቸው» አልኩ በሆዴ።

መሐል ላይ ስንደርስ ከእግሬ ሥር ፈነጠረች። ሸክላ መልክ ያለው ክንፍ፣ የተንጠለጠሉ እግሮች። ስምንት ወይ አሥር ቆጠራ ያህል በረረችና ከጎረቤት ባቄላ ውስጥ ወደቀች። ካሜራዎቹ ሁሉ ተንጣጡ። እኔ ገመድ ይዤ ስለነበር አላነሳሁም። ኢንጂነር ስክሪኑን አይቶ ጮኸ፤ ጥርት ያለች ፎቶ አግኝቷል። ተቃቀፍን። በተሰበረ ገብስ ላይ ቆመን፣ ዘጠኝ ጎልማሶች፣ ሠርግ እንደ ደረሰለት ሰው እየተሳሳምን ነበር።

ቀና ስል ማሳው ዳር ሰዎች አየሁ። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ዱላ የያዙ አሉ። ከፊት የቆመው ሰይድ የሚባል የእትዬ ዘሀራ ጎረቤት ነው፤ አርብ ዕለት ሰላም ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሰላም አላለም።

«ማነው የላካችሁ?» አለ።

ኢንጂነር ሁለተኛ መነጽሩን አስተካከለ። «እኛ ተመራማሪዎች ነን።»

ይሄን ባይል ምን ነበረበት? ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ከመሥሪያ ቤት አይደለንም። ከግሩፕ ነን።»

«ግሩፕ ምንድን ነው? ደብዳቤ አላችሁ? በማን ፈቃድ ነው መሬት የምትለኩ?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ከከተማ የመጣ፣ ሰደርያ የለበሰ፣ በመነጽር እያየ በሰው ማሳ ላይ ገመድ የሚጎትት ሰው እዚህ አገር ምን ተደርጎ ነው የሚታየው? መሬት ለኪ ተደርጎ ነው። ከከተማ አፋፍ የሚያርስ ገበሬ ከበረዶ ይልቅ የሚፈራው ያን ገመድ ነው። እኛ ዘጠኙ አዋቂዎች፣ ለአንዳችንም ይሄ አልመጣልንም።

«ዘሀራ ተደውሎላታል፤ እየመጣች ነው» አለ ሰይድ። «ማንም ንቅንቅ እንዳይል።»

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ የጠበቅነውን ጊዜ ርዝማኔ መናገር አልችልም። ኢንጂነር ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። መምህርቷ አጠገቤ መጥታ በቀስታ «ፈቅደዋል ብለኸኝ ነበር» አለች።

እትዬ ዘሀራ በዳገቱ ሲመጡ አየኋቸው። በስልሳ ዓመታቸው እየሮጡ ነው። ሻሻቸው ወደ ትከሻቸው ወርዷል። ጎመናቸውን ገበያ መሐል ጥለውት እንደመጡ በኋላ ሰማሁ። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያመማቸው መስሎኝ ነበር፣ ለካ በልብሳቸው ውስጥ የያዙትን ወረቀት ነው የጨበጡት፤ አሮጌውን የመሬት ደብተር። ማሳው ዳር ደርሰው ሰዎቹን ሁሉ አለፏቸውና እኔን አዩኝ። እኔንና በእጄ ያለውን ገመድ።

«አንተ ነህ?» አሉ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ፎቶዬን ያነሳኸው ለዚህ ነበር? መሬቴን ነው?»

«አይደለም እትዬ! መሬት የለካ የለም። ወላሂ መሬትዎን የነካ የለም።»

ጴንጤው ወላሂ አልኩ። ሌላ የሚታመን ቃል አልቀረኝም ነበር።

«ታዲያ ገመዱ ምንድን ነው?»

«ወፊቱን … ወፊቱን ልናስነሳት ነው።»

ዓይናቸው ከገመዱ ወደ ገብሱ ሄደ። ከላይኛው ጫፍ እስከ መሐል፣ የማሳው ግማሽ ተኝቷል። እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዘጠኝ ሰው የረገጠበት ጭቃ መሐል ለመሐሉ ይታያል።

«ለወፍ?» አሉ።

ሰይድን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ኢንጂነርን አዩት። «ለወፍ ነው?» ደግመው ጠየቁ። ንዴት አልነበረበትም፤ እንዳልገባው ሰው ነበር የሚጠይቁት። ከዚያ ወሰኑ ላይ ቁጭ አሉ። መሬታቸው ስላልተወሰደ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም የተሰበረ ዛላ አንስተው ጣታቸው ውስጥ አሹት። ፍሬ ገና አልያዘም፤ ውሃ ብቻ ወጣው። አለቀሱ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ዕለት አፍሬም አዝኜም አላውቅም።

ኢንጂነር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «ካሳ እንከፍላለን እናቴ …»

«ኪስህን ተው» አለው ሰይድ። «በዚህ ወር ገብስ የሚሸጥልህ የለም፤ ብርህን አትዘራው። የተኛው ዛሬ ካልታጨደ ይበሰብሳል፤ ያልተኛውንም ያበላሸዋል። አጭዱና ለከብት ይሁን። ያጠፋ ያነሳል፤ እዚህ ደንቡ ይሄ ነው።»

ዱላ የያዙትም ማጭድ ሊያመጡ ሄዱ። ያን ጊዜ የተመራማሪዎቹን ሥራ ብታዩ! አንዱ ስብሰባ አለኝ አለ። አንዱ ወገቡን ያመዋል። አንዱ ሚኒባሱን የተዋዋለው እስከ አምስት ሰዓት ነው። ኢንጂነር «ፎቶውን ቶሎ ካላስገባሁት ሌላ ሰው ይቀድመናል» አለኝ፤ በጆሮዬ፣ እንደ ወዳጅ። ሰዎቹ አላስቀሯቸውም። ሰይድ «ልቀቋቸው፣ እነዚህ ማጭድ ቢይዙ ራሳቸውን ነው የሚቆርጡት» አለ። መምህርቷ ብቻ እትዬ ዘሀራ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ እስከ ቀትርም ነዶ ስታቀብል ቆይታ ሄደች። ለኔ አንድም ቃል አላወጣችልኝም።

እኔ አጨድኩ። የካሜራ ቁልፍ የለመደ እጅ ማጭድ ሲይዝ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ሰዎቹ በአንድ ጊዜ የሚጨርሱትን እኔ በሦስት አጭደዋለሁ። አንድም ሰው አልሰደበኝም፤ ውሃ ሰጡኝ፣ ሲደማብኝም ሰይድ ጨርቅ አሰረልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ላብ በጠገበ እጄ አወጣኋት።

የኢንጂነር ፎቶ ነው። ወፊቱ ክንፏን ዘርግታ፣ እግሯን አንጠልጥላ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በአካባቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርንክሬክ ተመዘገበች። ያየው፦ ኢንጂነር። ረዳት፦ ፎቶ አንሺው። ለተደረገልን ቀና ትብብር የአካባቢውን ማኅበረሰብ እናመሰግናለን።» ከሥሩ ጭብጨባው ወረደ። የጎረቤት ዶሮ ናት ያለውም ሰውዬ አጨብጭቧል።

ቀና ስል የአካባቢው ማኅበረሰብ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ሳቅ መጣብኝ፤ መጥፎ ሳቅ ነው፣ ራሴን የናቅኩበት። እዚያው ቆሜ ከግሩፑ ወጣሁ።

ሥራው ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ወደ እትዬ ዘሀራ ሄድኩ። የቀረውን ገብስ ዳር ዳሩን እየዞሩ ያዘነበለውን ያቃኑ ነበር።

«እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ።»

አንድ የጎበጠ አገዳ አቃኑ፤ ተመልሶ ጎበጠ። ተዉት።

«እኔ አፉ ብዬሃለሁ ልጄ፤ አላህም አፉ ይበልህ» አሉ። «ውለህ አጭደሃል፣ ደምህ ፈሷል፣ ቂም የለኝም። አማና ግን ሁለተኛ አልሰጥህም።»

ያን ዓመት የእትዬ ዘሀራ ቤት ገብስ ጳጉሜን አላየም። የቀረውን ወራት ጎረቤት በቁና እያዋጣ አሻግሯቸዋል። እኔም የምችለውን ይዤ ስሄድ ተቀበሉኝ፤ መለሱብኝ ብዬ አልዋሽም። የመሬት ደብተሩም በስማቸው ወጥቶላቸዋል።

ይሄን የምታነቡ ወፍ ተመልካቾች ካላችሁ፣ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ ዘንድሮም በልጉ ሲገባ ስልካችሁን ስትከፍቱ ይታየኛል። ምክር የምለግስ ሰው አይደለሁም፤ ምክር ለመስጠት የሚሆን ፊት የለኝም። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። ያያችሁትን ወፍ መጀመሪያ ያየው ሰው ማነው? እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት አጎንብሶ ሲያርም ያያት፣ ስም ያወጣላት፣ እንደ እንግዳ ያሳረፋት ሰው ዝርዝራችሁ ውስጥ የት ነው ያለው? እኛ ዘጠኛችን አንዲት ወፍ አገኘን ብለን ተሳሳምን፤ ወፊቱ ግን ጠፍታ አታውቅም፤ ባለቤት ነበራት።

ከእትዬ ዘሀራ ጋር ዛሬም ሰላም ነን። ሰኞ ሰኞ ጎመን የምገዛው ከሳቸው ነው። ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ ባለቤቴ ስትታመምም ቤት ድረስ መጥተው ዱዓ አድርገውላታል። ዘንድሮ በልጉ ያማረ ነው፤ ዝናቡ አልቀረም። ባለፈው ሰኞ ጎመኑን ሲያስሩልኝ አላስችል ብሎኝ፣ ያለ ካሜራ፣ ባዶ እጄን ቆሜ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ መጥታለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም፤ ፈገግም ብለዋል።

«አላህ ያውቃል ልጄ» አሉኝ። «ድንችም ልጨምርልህ?»